ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሞተር ሳይክል ነዳጅ ታንክና የመጠገኛ ቦታ ጥያቄ በቶሮንቶ

በቶሮንቶ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲደርቅ፣ የብርዱን ወራት በሽፋን ሥር ያሳለፉ ሞተር ሳይክሎች አንድ በአንድ ይነሣሉ። አንዳንዶቹ ግን አይነሡም። ባትሪው ተሞልቶ፣ ካንዴላው ተቀይሮ፣ ሞተሩ አሁንም እምቢ ሲል ጥርጣሬው ወደ ነዳጁ ይዞራል። ለወራት የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፤ የብረት ታንክ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ ማጣሪያውና ወደ ካርቡራቶሩ ይወርዳል። መፍትሔው ታንኩን ማውረድ፣ ማጽዳትና መልሶ መግጠም ነው። ግቢና ጋራዥ ላለው ሰው ይህ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። በአሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ተከራይ ግን ሦስት ምርጫ ብቻ ይቀራል፦ ሞተሩን አስጭኖ ወደ ጋራዥ መውሰድና የተጠየቀውን መክፈል፣ ታንኩን በሕንፃው ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተደብቆ መፍታት፣ ወይም ሞተሩን እርግፍ አድርጎ መተው። ሦስቱም መጥፎ ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሚፈታው ሰው ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ለሚኖሩት ቤተሰቦች ሁሉ አደገኛ ነው።

ካናዳ ስለ «የመጠገን መብት» መከራከር ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ክርክሩ ያተኮረው በሶፍትዌር ቁልፍ፣ በመለዋወጫ ዕቃና በአምራቾች መመሪያ ላይ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ግን እስካሁን በቅጡ አልተነሣም፦ የት? ቦታ የሌለው ሰው የመጠገን መብት አለው ማለት፣ ምጣድ የሌለው ሰው እንጀራ የመጋገር መብት አለው እንደ ማለት ነው። መብቱን ማንም አልነካበትም፤ ግን አይበላውም። የነዳጅ ታንክ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ይህን ክፍተት ከብዙ ትልልቅ ጉዳዮች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል፤ ሥራው ቀላል ሆኖ ሳለ አደጋው ከባድ፣ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ቦታ የለሽ ነውና።

ሥራው፦ ለእጅ ቀላል፣ ለቸልተኛ ከባድ

ታንክ ማውረድ ረቂቅ ጥበብ አይጠይቅም። ሞተሩ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይነቀላል፤ መቀመጫው ይነሣል፤ ከዚያ ታንኩን ከሻንሲው ጋር የያዙት ጥቂት ብሎኖች ይፈታሉ። በካርቡራቶር በሚሠሩት አሮጌ ሞተሮች ላይ የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ ቱቦው ይነቀላል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ በሚያገኙት አዳዲሶቹ ላይ ግን ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ታንኩ ውስጥ ስለሚገኝ መሥመሩ በግፊት የተሞላ ነው፤ ግፊቱን እንደ አምራቹ መመሪያ ሳይቀንስ ቱቦውን የሚነቅል ሰው ቤንዚን ፊቱ ላይ ሊረጭበት ይችላል። የፓምፑና የነዳጅ ጠቋሚው ሽቦ፣ የአየር መተንፈሻውና የውኃ ማፍሰሻው ቀጫጭን ቱቦዎች በየተራ ይለያያሉ። ብልህ ሠራተኛ እያንዳንዱን ከመንቀሉ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሣል።

መልሶ መግጠሙ ከማውረዱ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ጎሚኒ ይቀየራል። ታንኩ በቦታው ሲያርፍ ምንም ቱቦ ከሥሩ እንዳይቆነጠጥ ይታያል፤ የመተንፈሻው ቱቦ ከተቆነጠጠ ወደ ታንኩ አየር ስለማይገባ ነዳጁ መውረድ ያቆማል፤ ሞተሩም በ401 አውራ ጎዳና መካከል፣ ከኋላው የጭነት መኪና እየተከተለው፣ ሊጠፋ ይችላል። ብሎኑ ከልኩ በላይ ሳይጠብቅ ይታሰራል። በመጨረሻም ጥቂት ቤንዚን ተጨምሮ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ መኖር አለመኖሩ ለደቂቃዎች ይፈተሻል።

አደጋው ያለው በብሎኑ ሳይሆን በአየሩ ውስጥ ነው። አሥራ አምስት ሊትር ቤንዚን 11 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ክብደቱ ግን ከሥጋቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ስለዚህ የቶሮንቶ ብርድ፣ የቱን ያህል ቢጠና፣ ጠባቂ አይሆንም። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል ይሳባል፣ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል፣ በምድር ቤት ጥግ ይከማቻል፣ ራቅ ብሎ ያለ የውኃ ማሞቂያ ነበልባል ወይም የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ እስኪያገኘው ይጠብቃል። ባዶ ታንክም ደኅና ታንክ አይደለም፤ ፈሳሹ ቢወጣም ተኑ ከአየር ጋር ተደባልቆ ይቀራልና፣ ባዶ ነው ተብሎ ሳይታጠብ የሚበየድ ታንክ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የዚህን ሥራ ደኅንነት ከሠራተኛው ችሎታ ባልተናነሰ የሚወስነው ቦታው ነው። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት መፍቻ ይዞ፣ በነፋሻ ግቢ ውስጥ ሲሠራው ተራ ጥገና የሆነው ነገር፣ በምድር ቤት ሲሠራው የሕዝብ አደጋ ይሆናል። ቦታን የማይመለከት የደኅንነት ፖሊሲ እንግዲህ ዋናውን ነገር ሳይመለከት ቀርቷል ማለት ነው።

ታንኩን የሚያዘገው ማን ነው?

የታንክ ጥገና የባለቤቱ የግል ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ በቻለ ነበር። ነገር ግን የመንግሥት ውሳኔም በታንኩ ውስጥ አለ። ኦንታሪዮ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ በአማካይ 5 በመቶ ኤታኖል እንዲቀላቀል ግዴታ ጣለች። መጠኑ ከ2020 ጀምሮ ወደ 10 በመቶ፣ ከ2025 ጀምሮ ወደ 11 በመቶ አደገ፤ በ2028 ወደ 13፣ በ2030 ወደ 15 በመቶ እንዲደርስ ደንቡ ይደነግጋል።

የዚህ ፖሊሲ ዓላማ የሚነቀፍ አይደለም፤ የታለመው የትራንስፖርቱን የጭስ ልቀት ለመቀነስ ነው። ነገር ግን ኤታኖል ከአየር እርጥበትን የመሳብ ጠባይ አለው። ነዳጁ በየሳምንቱ ለሚሞላ መኪና ይህ ችግር አይሆንም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ለሚቆም ሞተር ሳይክል ግን የተለየ ነው፤ የተሳበው ውኃ ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ተያይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ታንኩ ሥር ይዘቅጣል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ለኤታኖል ያልተሠሩ አሮጌ ጎሚኒዎችና ቱቦዎችም ይበላሻሉ።

ወደፊት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በ2001 እና ከዚያ በኋላ በተሠሩ መኪናዎች እንዲሞላ ሲፈቅድ ሞተር ሳይክሎችን ለይቶ ከፈቃዱ አስወጥቷቸዋል። የብዙ አምራቾች መመሪያም ከ10 በመቶ እንዳይታለፍ ያስጠነቅቃል። እርግጥ የኦንታሪዮ ቁጥር አማካይ እንጂ በእያንዳንዱ ማደያ የሚቀዳው ቤንዚን ልክ አይደለም፤ ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ክፍለ ሀገሩ የነዳጁን ባሕርይ በሕግ ሲለውጥ፣ ለውጡ የሚያስከትለውን ጥገና በባለቤቱ ትከሻ ላይ ጥሎታል፤ ባለቤቱ ጥገናውን የት እንደሚያከናውን ግን አልጠየቀም።

ቁልፉን የፈታ፣ በሩን ያልከፈተ ሕግ

በኅዳር ወር 2024 እ.ኤ.አ. ሁለት ሕጎች በአንድ ቀን ንጉሣዊ ይሁንታ አገኙ። አንደኛው የሊበራል እንደራሴው ዊልሰን ሚያው ያቀረቡት ሲ-244፣ ሁለተኛው የኮንሰርቫቲቭ እንደራሴው ጄረሚ ፓትዘር ያቀረቡት ሲ-294 ነው። ሁለቱም የቅጂ መብት ሕጉን አሻሽለዋል። የመጀመሪያው አንድን ዕቃ ለመመርመር፣ ለመንከባከብና ለመጠገን ሲባል ዲጂታል ቁልፉን መክፈትን ፈቀደ፤ ሁለተኛው አንዱ መሣሪያ ከሌላው ጋር ተጣጥሞ እንዲሠራ ለማድረግ ሲባል ይህንኑ ፈቀደ። ከተቃራኒ ወገን የመጡ ሁለት እንደራሴዎች በአንድ ጉዳይ ላይ መግባባታቸው በራሱ የሚደነቅ ነው።

ሆኖም ሕጎቹ አምራቹ መለዋወጫ እንዲሸጥ ወይም መመሪያውን እንዲሰጥ አያስገድዱም። የዚህ ዓይነቱ ግዴታ በአመዛኙ የክፍላተ ሀገር ሥልጣን ነው። ኩቤክ በጥቅምት 2023 ባጸደቀችው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በዚህ መንገድ ሩቅ ተጉዛለች። በኦንታሪዮ ግን የያኔው የክፍለ ሀገሩ እንደራሴ ማይክል ኮቶ በኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ላይ ያቀረቡት ረቂቅ በ2019 ውድቅ ሆኗል። ለአውቶሞቢሎች ከ2009 ጀምሮ በአምራቾችና በጥገና ባለሙያዎች መካከል የተደረገ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የመረጃ ስምምነት አለ፤ እርሱም ቢሆን የተጻፈው ለጋራዥ ባለቤት እንጂ ለተራው ነዋሪ አይደለም።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ አንድ የጋራ ግምት አላቸው፦ ዕቃው የሚጠገነው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የቡና ማፍያ ማሽን ወጥ ቤት ውስጥ ሊፈታ ይችላል። የነዳጅ ታንክ ግን ዲጂታል ቁልፍ የለውም፤ በመፍቻ ይፈታል። የሚያስፈልገው ወለል፣ ነፋስና የእሳት ማጥፊያ ነው። ከቶሮንቶ ቤተሰቦች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አምስትና ከዚያ በላይ ፎቅ ባላቸው ሕንፃዎች ውስጥ ይኖራሉ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉትም ተከራዮች ናቸው። በረንዳ ላይ ወይም አፓርታማ ውስጥ የቤንዚን ታንክ መፍታት የሚፈቅድ አከራይ ወይም የኮንዶሚኒየም ቦርድ ማግኘት ዘበት ነው፤ ቢፈቅድም ትክክል አይሆንም። ስለዚህ የመጠገን መብት፣ ማንም ሳያስበው፣ የባለ ግቢዎች መብት ሆኗል። በዚህች ከተማ ደግሞ ግቢ ያለው ማን እንደሆነ የቤቶች ዋጋ ይናገራል።

ሥራ የሚያውቅ እጅ፣ ወረቀት የሌለው ሰው

ጉዳዩ ለአዲስ መጤዎች ሌላ ገጽታ አለው። በኦንታሪዮ የሞተር ሳይክል ቴክኒሻንነት፣ በመለያ ቁጥሩ 310ጂ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ተለማማጅነት ምዝገባ ሊሠራ የማይፈቀድ ሙያ ነው። ሙያውን ከ2022 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ስኪልድ ትሬድስ ኦንታሪዮ የተባለው ተቋም ነው። ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ልምዱ እንዲታወቅለት ማመልከት ይችላል፤ ለዚህም የሠራበትን ዘመንና የሥራውን ዓይነት በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል።

በደሴ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ መንገድ ዳር ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ይህን ማስረጃ ከየት ያመጣል? ያሠለጠነው አጎቱ ወይም ጌታው ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም፤ ደንበኞቹ ደረሰኝ አልጠየቁትም። ታንክ ማውረድን ሺህ ጊዜ ሠርቶታል፤ ችሎታውን የሚመሰክርለት ወረቀት ግን አንድም የለውም። ሕጉ የሌላውን ሰው ሞተር በክፍያ እንዳይነካ ይከለክለዋል፤ ይህ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ተገቢ ነው። የራሱን ሞተር እንዲጠግን አይከለክለውም፤ ግን ቦታ የለውም። እንዲህ እያለ እውቀቱ ከዓመት ዓመት ይሸሻል፤ ሰውዬውም መጋዘን ጠባቂ ወይም አሽከርካሪ ሆኖ ይቀራል። የዲያስፖራ ባለሙያዎች ስለ ሐኪሞችና መሐንዲሶች የትምህርት ማስረጃ እውቅና ብዙ ተከራክረዋል፤ ስለ መካኒኮች የተባለው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

እዚያ ቦታ፣ እዚህ ደንብ

የኢትዮጵያ የጥገና ባህል እንዴት እንደተገነባ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ የጣልያንኛ ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት በመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ በእጅ፣ ከጌታ ወደ ተለማማጅ፣ በጋራዥ ወለል ላይ ተላለፉ እንጂ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይፈለጋል፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ የተጣለ ብረት አዲስ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ዕቃ እስከ መጨረሻው ይጠገናል፤ ድህነት ያስገደደው ቢሆንም ጥበብነቱን አያጣም።

ይህን ባህል ግን ከልኩ በላይ ማሞገስ አይገባም። ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ታንክ ሳይታጠብ ይበየዳል፤ ሲጋራ የያዘ ሰው ከካርቡራቶር አጠገብ ይቆማል። ተለማማጁ ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽር፣ ያለ መድን ይሠራል። በአንድ አባባል፣ እዚያ ቦታ አለ፣ ደንብ ግን የለም፤ እዚህ ደንብ አለ፣ ቦታ ግን የለም። ሁለቱም ከተሞች የያዙት የአንድን ነገር ግማሽ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ አዲስ አበባ ቦታዋን እያጣች መሄዷ ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በስፋት የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ቤተሰቦችን ከግቢ ወደ ፎቅ አውጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የብዙ ዋና መንገዶችን ዳር ለውጧል። ከዚያ ቀደም ብሎም የከተማው አስተዳደር፣ በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ዝርፊያ በዝቷል በሚል፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ አግዷል። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው። ሲደመሩ ግን አንድ አቅጣጫ ያሳያሉ፦ ከተማ ሲዘምን መጀመሪያ የሚባረረው የእጅ ሥራ ነው። ቶሮንቶ ዛሬ የደረሰችበት ችግር ለአዲስ አበባ ነገ ነው። ስለዚህ ለቶሮንቶ የሚገኝ መፍትሔ ወደ አገር ቤትም ሊላክ የሚችል እውቀት ይሆናል።

ታንኩ ቢቀር ባትሪው ይመጣል

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ኢትዮጵያ ራሷ በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች፤ የነዳጅ ታንክ በጡረታ ዋዜማ ላይ ሳለ ስለ እርሱ ፖሊሲ መንደፍ ምን ይጠቅማል?

መልሱ በራሷ በቶሮንቶ የቅርብ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በታኅሣሥ 31 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሸፐርድ-ያንግ ጣቢያ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ላይ፣ የአንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ በእሳት ተያያዘ። ከዚያ በኋላ የከተማዋ የትራንዚት ኮሚሽን በሊቲየም ባትሪ የሚሠሩ ብስክሌቶችና ስኩተሮች ከኅዳር 15 እስከ ሚያዝያ 15 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት ወደ ተሽከርካሪዎቹና ወደ ጣቢያዎቹ እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ ክልከላ በብዛት የሚነኩት ምግብ በማድረስ የሚተዳደሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አዲስ መጤዎች ናቸው። ባትሪያቸውን የሚሞሉት የት ነው? በአፓርታማቸው፣ ብዙውን ጊዜ በመውጫው በር አጠገብ፣ ቤተሰባቸው ተኝቶ ሳለ።

ታንኩም ባትሪውም አንድ ታሪክ ይናገራሉ። አደጋው እውነት ነው፤ ክልከላው የመጣው በምክንያት ነው፤ ነገር ግን ክልከላው ሲመጣ አማራጭ ቦታ አብሮት አልመጣም። የተከለከለው ነገር አይጠፋም፤ ወደማይታይበት ይሸሸጋል። ኒው ዮርክ በ2024 ለምግብ አድራሾች የሕዝብ ባትሪ መሙያ ቦታዎችን በሙከራ ደረጃ የከፈተችው ይህን ስለተረዳች ነው። ዛሬ ለታንክ የሚዘጋጅ ነፋሻ ወለል ነገ ለባትሪ ያገለግላል። የኃይሉ ምንጭ ይለወጣል፤ የቦታው ጥያቄ አይለወጥም።

ከእድር የሚወሰድ ትምህርት

ምን ይደረግ? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጀርመን ከተሞች ማንኛውም ሰው ወለሉን፣ ማንሻውንና መሣሪያውን በሰዓት ተከራይቶ የራሱን ተሽከርካሪ የሚጠግንባቸው ጋራዦች አሉ። በአሜሪካና በካናዳ የጦር ሰፈሮችም ለወታደሮች ተመሳሳይ የጥገና ክበቦች አሉ። ከአምስተርዳም በ2009 የተነሣው የጥገና ካፌ እንቅስቃሴ ቶሮንቶ ከደረሰ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከተማዋ እንደ መጽሐፍ መሣሪያ የሚያውስ ቤተ መሣሪያም አላት። የጎደለው ተሽከርካሪና ነዳጅ የሚስተናገድበት ክፍል ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ይህ ከባዕድ የተቀዳ ሐሳብ አይሆንም። እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት ይገዛል፤ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሊገዛቸው የማይችላቸውን፣ ቢገዛም በዓመት አንዴ የሚጠቀምባቸውን ዕቃዎች በጋራ ያኖራል። ዕቃው በመዝገብ ይወጣል፣ በመዝገብ ይገባል፤ ያበላሸ ይከፍላል። ማንም ድሀ ድንኳን የለህም ተብሎ ኀዘኑን በጎዳና አያስተናግድም። የመጠገኛ ወለልም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚፈለግ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚከብድ፣ ለማኅበር ግን የሚቀል ንብረት ነው።

በተግባር ሲታይ ጅምሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የቶሮንቶ የመኪና ማቆሚያ ባለሥልጣን ግሪን ፒ በሚል ስም የሚያስተዳድራቸው ሰማይ ገላጣ ማቆሚያዎች አሉት። ከእነዚህ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ጥግ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፣ ጣሪያ ያለው ግን ጎኑ ክፍት የሆነ ወለል ማዘጋጀት ይቻላል። የሚያስፈልገው የተቆጠረ ነው፦ የእሳት ማጥፊያ፣ የፈሰሰ ነዳጅ የሚመጥጥ ቁስ፣ ለአሮጌ ቤንዚን የሚሆን የተፈቀደ ማጠራቀሚያ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ እና በሥራ ሰዓት የሚገኝ አንድ ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን። ብየዳ አይፈቀድም። ነዳጅ የሚነካ ሥራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ቴክኒሻኑ ያያል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ፍሳሽ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። ከተማዋ አደገኛ የቤት ውስጥ ቆሻሻን በመቀበያ ጣቢያዎቿ ቀድሞውንም ስለምትቀበል አሮጌው ቤንዚን የሚሄድበት መንገድ ተዘርግቷል።

እንዲህ ዓይነቱ ወለል ለአዲስ መጤው መካኒክም በር ይከፍታል። የራሱን ሞተር ፈቃድ ባለው ባለሙያ ፊት ሲፈታና ሲገጥም እጁ ይታያል። ይህ ፈቃድን አይተካም፤ ነገር ግን ቀጣሪ የሚያገኝበት፣ ወደ ተለማማጅነት ምዝገባ የሚገባበት፣ ለልምዱ የመጀመሪያውን የካናዳ ምስክር የሚያፈራበት አጋጣሚ ይፈጥራል። የማኅበረሰብ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። በዳንፎርዝ ጎዳና ዙሪያ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍቶ ሠፈር ማቆም የቻለ ማኅበረሰብ፣ ለከተማው ምክር ቤት የጋራ ማመልከቻ ማቅረብና የአማርኛና የትግርኛ የደኅንነት መመሪያ ማዘጋጀት አያቅተውም።

ኃላፊነትና ወጪ

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው የተጠያቂነት ነው፦ አንድ ሰው ታንኩን በስሕተት ገጥሞ በመንገድ ላይ ቢቃጠል ከተማው አይከሰስም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ሰው ዛሬም ታንኩን ይገጥማል፤ ልዩነቱ ማንም አለማየቱ ነው። ከተማ የመዋኛ ገንዳና የበረዶ መንሸራተቻ የምትከፍተው አደጋ ስለሌለባቸው አይደለም፤ አደጋቸው በጠባቂ፣ በደንብና በመድን ሊመጠን ስለሚችል ነው። የጥገና ወለልም ከዚህ ሚዛን የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው የፍትሐዊነት ነው፦ ሞተር ሳይክል ለብዙዎች መዝናኛ ሆኖ ሳለ የግብር ከፋይ ገንዘብ ለምን ይወጣበታል? በከፊል እውነት ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው በሰዓት መክፈል አለበት፤ ወጪውም በተቻለ መጠን ከክፍያው መሸፈን አለበት። ከከተማው የሚጠየቀው ከገንዘብ ይልቅ መሬትና ፈቃድ ነው። ወጪው ሲመዘን ደግሞ በሌላኛው ሚዛን ላይ የሚቀመጠው መታወስ አለበት፤ በምድር ቤት የሚነሣ የቤንዚን እሳት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሕይወት፣ የመቶ ቤተሰቦችን መጠለያና የሕንፃውን መድን ይነካል። ወገን ሳይለይ የሚከፈል ዕዳ ነው።

የደኅንነት ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ይህን እንዴት እንከልክል?» ብለው ነው። የተሻለው ጥያቄ «ይህ ሥራ መሠራቱ ካልቀረ የት ቢሠራ ይሻላል?» የሚለው ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ቅጠሉ ርካሽ የሚሆነው ግን እሳቱ ሳይነሣ ሲቀጠፍ ነው። ቶሮንቶ ዛሬ ጥቂት ካሬ ሜትር ነፋሻ ወለል ብትሰጥ፣ ሁለት የምክር ቤት አባላት በኦታዋ በሕግ የጀመሩትን ሥራ በመሬት ላይ ትፈጽመዋለች። ካልሰጠች ሕጉ በመጽሐፍ ላይ፣ ታንኩም በምድር ቤት ጥግ ይቀራሉ።